የዋይፋይ ሽምግልና

በገዛ ሽምግልናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደሌለ ሰው ተቆጥሬ አውቃለሁ። ነገሩ የሆነው አሰላ ከተማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው መንገድ ወጥቶ የሆቴል ዋይፋይ ሲያስቸግረው ሲያማርር እሰማለሁ፤ አንዱ ፊልሙ ቆመበት፣ ሌላው ፎቶው አልሄድ አለው። እኔን ያስቸገረኝ ትዳሬ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ አርሲ ውስጥ አርቦዬ በምትባል ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ለአንድ ዓመት ብቻ ብዬ ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተተካ ቆየሁ። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ነበሩት። መብራት ሲኖር ኮምፒውተሮቹ ይበላሻሉ፣ ኮምፒውተሮቹ ሲጠገኑ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የማስተምረው ማውዝና ኪቦርድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው። ተማሪዎቼ «አንቴና» ይሉኝ ነበር። በሙያዬ ምክንያት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ በጆሮዬ ነው። ጆሮዬ ትልቅ ነው፣ ወደ ጎን የቆመ ነው፣ የግራው ደግሞ ከላይ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከልጅነቴ ጀምሮ ፎቶ ስነሳ የምሰጠው የቀኝ ጎኔን ነው።

ዘሃራን ያወቅኋት እዚያው አርቦዬ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ነበረች፤ የአሰላ ልጅ። ወሬ በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስለ ጆሮዬ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም፤ ይህንን እንደ ትልቅ ፍቅር ቆጥሬው ነበር። አንድ ቀን በቃ ሽማግሌ ላክ አለችኝ።

ዘመዶቼ በሙሉ ወሎ ናቸው። አርሲ ውስጥ የኔ የምለው ሰው ቢኖር ቤት ያከራዩኝ ሐጂ አማንና ርዕሰ መምህራችን አቶ ተሾመ ናቸው። ሐጂ አማን ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን አርቦዬ ሁሉ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። አቶ ተሾመ እንደኔው ተመድበው የመጡ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ስብሰባ ይወዳሉ፤ ለሽምግልናውም አጀንዳ አወጡለት። ሁለቱ አሰላ ድረስ ሄደው የዘሃራን አባት ኦቦ ሁሴንን ጠየቁልኝ። በመጀመሪያው ጉዞ «ዘመድ እንማከር» ተባሉ። ይህ ወግ ስለሆነ ማንም አልከፋውም። በሁለተኛው ጉዞ ግን ኦቦ ሁሴን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። የልጁን አባት ፊት ለፊት ሳላይ ልጄን አልሰጥም አሉ።

አባቴ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ደሴ እህቴ ሰዓዳ ቤት ተኝቷል። ከአልጋው እስከ በር የሚሄደው በምርኩዝ ነው፤ አሰላ መምጣቱ የማይታሰብ ነው። ሐጂ አማን አባቱ በስልክ ያናግሯችሁ ብለው ለመኑ። ኦቦ ሁሴን ግን እህል ነጋዴ ናቸው፤ ስንዴ ጆንያው ሳይፈታ አይገዙም። ከዚያ በፊት አንድ ዘመዳቸው ሴት ልጁን በስልክ ምስክርነት ሰጥቶ ነበር አሉ። በስልክ «እኔ አባቱ ነኝ» ብሎ የመረቀው ሰውዬ በኋላ ሲጣራ የሙሽራው የሥራ ባልደረባ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤት ክፍል ሆኖ ነበር አሉ የሚደውለው። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ሁሴን ድምፅ ማንም ያወጣል ይላሉ፤ ፊት ማየት አለብኝ ይላሉ።

በመጨረሻ በቪዲዮ ጥሪ ፊቱን ለማየት ተስማሙ። ቀኑ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የስንዴ አጨዳ ይገባል፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ አርሲ ውስጥ ሰው አይዳርም። ዘሃራ ቀኑን የነገረችኝ ሳትስቅ ነው። ከአዳማ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ቀጠሮ ጠይቀዋል፤ ያሁኑ ካልሆነ አባቷ እነሱንም ያስገባሉ። «ፈርቻለሁ» አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን የኮምፒውተር መምህር ስለሆንኩ አታስቢ አልኳት።

ያን ሰሞን የስልኩ ዳታ እንኳን ፊት ጽሑፍም በግድ ነበር የሚያሳልፈው። የኦቦ ሁሴን ቤትም ከከተማው ዳር ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ተመረጠ። ሽምግልና በሆቴል የሚሉ አልጠፉም። ሐጂ አማን ግን ቀለበቱ የሚታሰረው በሰው እንጂ በቤት አይደለም ብለው ዘጉት።

በዋዜማው በዴራ ዞሬ፣ በኢተያ አድርጌ አሰላ ገባሁ። ሆቴሉ ሄጄ ዋይፋዩን ሞከርኩት። የይለፍ ቃሉ ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ቁጥር ነው፤ ተማሪዎቼን በምንም ዓይነት እንዳትጠቀሙበት የምላቸው። ሰዓዳ ጋ ደወልኩ፤ የአባቴ ትራስ ላይ ያለው ጥልፍ ሳይቀር ይታያል። ለአባቴ ትምህርት ሰጠሁት። አባ፣ ስልኩን ከፊትዎ ራቅ አድርገው ይያዙት፣ ወደ ጆሮዎ አያስጠጉት አልኩት። እሺ፣ ገባኝ አለ። ከዚያ እሺ የሚለው ሲያልቅበት ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ «ሌላስ?» አለኝ። ሰዓዳን ቀኑን ሙሉ አለማምጂው አልኳት። እውነቱን ልናገርና በአባቴ አፍሬ ነበር። በአሰላ ሽማግሌዎች ፊት ስልክ መያዝ የማይችል ሰው ሆኖ እንዳይታይብኝ ፈርቼ ነበር።

በነጋታው አንድ ችግር ተነሳ። በወጉ ጠያቂው ልጅ ሽምግልናው ላይ አይገኝም። ታዲያ ስልኩን ማን ያስነሳል? ሐጂ አማን የስልክ ባለሙያ አይደሉም፤ አቶ ተሾመም ሪፖርታቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። አቶ ተሾመ ጥቂት አሰቡና መፍትሔ አመጡ።

«አንተ የለህም» አሉኝ። «ያለው ባለሙያ ነው። ባለሙያ ደግሞ አይናገርም።»

እንዲህ ሆኜ ገባሁ። የስልክ ማቆሚያ፣ የቻርጀር ገመድና ማከፋፈያ ይዤ ጥግ ላይ ሶኬት አጠገብ ተቀመጥኩ። ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ስልኬን አጠፋሁት። ይህን አስታውሱልኝ።

የሴቷ ወገን ሽማግሌዎች እየተከታተሉ ገቡ። በር ላይ አንዱ ለሌላው ይቅደሙ እያለ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የቀደሙት የኦቦ ሁሴን ታላቅ ወንድም ሐጂ ቡሽራ ናቸው፤ የቤተሰቡ ቃል እሳቸው ጋ ነው የሚያልቀው። ነጭ ኩፊያ፣ ረጅም ዱላ፣ ሰፊ ስልክ። ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋይፋይ ማስታወቂያ አዩ።

«ይህ በነፃ ነው?» አሉ።

በነፃ መሆኑን ስነግራቸው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። በደስታ አገናኘሁላቸው። ልጃቸው በዓምናው አጨዳ የላከላቸው የኮምባይነር ቪዲዮ ስልካቸው ውስጥ ሳይከፈት ቆይቶ ኖሯል፤ ተከፈተ፤ ሰፊ የስንዴ ማሳ ያጭዳል። ሐጂ ቡሽራ መነጽራቸውን አደረጉ። ይህን ያዩት ሌሎቹም ስልካቸውን ይዘው ወደ ጥጉ መጡ። አብዛኞቹ ሁለት ሁለት ስልክ ነው የያዙት። አንዳቸውን ከአንዳቸው ሳላስበልጥ ሁሉንም አገናኘሁ። በልቤ፣ ባልናገርም እየወደዱኝ ነው እያልኩ ነበር። የኔ ወገን ሽማግሌዎች ግን ለጠያቂ ስልክ መነካካት ነውር ነው ብለው ስልካቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

ንግግሩ ተጀመረ። ሐጂ አማን ከነቢዩ ሱና ጀምረው ወደ ጉዳዩ ገቡ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። እኔ ከኦቦ ሁሴን እግር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኜ ገመድ ስፈታ፣ ልጁ ይቅማል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አቶ ተሾመ ሲቅም አይቼው አላውቅም አሉ። ይጠጣል? በፍጹም። ቁጡ ነው? አቶ ተሾመ ከኮምፒውተር በቀር በማንም ተቆጥቶ አያውቅም አሉ። ቁመናው እንዴት ነው የሚል ጥያቄም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎቼ ወደ እኔ ላለማየት ጣሪያውን አዩ። «ደህና ነው» አሉ ሐጂ አማን፣ ብዙም ሳይገፉበት።

ከዚያ ኦቦ ሁሴን አባቱን እንይ አሉ። ስልኬን አበራሁ፣ ማቆሚያው ላይ አስቀመጥኩት፣ ዋይፋዩን ነካሁ። እያገናኘሁ ነው አለኝ። ከዚያ አልተቻለም አለኝ። ደገምኩት። አልተቻለም። ስልኬ በዋዜማው የሞላሁትን የይለፍ ቃል ረስቶት እንደሆነ ብዬ እንደገና ሞላሁት፤ ከአንድ እስከ ስምንት መርሳት ከባድ ነው። አልተቻለም።

«ባለሙያው፣ ምን ይላል?» አሉ ኦቦ ሁሴን።

ኔትወርኩ ትንሽ ነው ብዬ ወደ ሒሳብ መቀበያው ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሳታቅማማ ነገረችኝ። ዋይፋዩ የሚይዘው የተወሰነ ስልክ ነው፤ ከሞላ አዲስ አያስገባም፣ አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የሚገባው። አጥፍቶ ማብራት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ ያለው የሆቴሉ ባለቤት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቢሮው ተቆልፏል፤ ባለቤቱ ዴራ ለቅሶ ሄዷል፤ ቁልፉም ከሱ ጋር ለቅሶ ላይ ነው። ዋዜማውን የሞከርኩት ባዶ አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ያኔ ነው የታየኝ። በሩን የሞላሁት እኔው ነኝ፤ እያንዳንዳቸውን በእጄ አስገብቼ ራሴ ውጭ ቀርቻለሁ።

አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሐጂ ቡሽራ ኮምባይነሩን ያያሉ። አንዱ ሽማግሌ የተቀዳ ኳስ ያያሉ፤ ሌላው ሪያድ ካለች ልጃቸው ጋር ድምፅ ይለዋወጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ሽማግሌ የስልካቸውን ዋይፋይ ያጥፉ። ግን ማን ይንገራቸው? ጠያቂ ነን፤ ልጅ ልመና መጥተን ስልክዎን ዝጉ አይባልም። እኔ ደግሞ ከነአካቴው የለሁም። ወደ ሐጂ አማን ጆሮ ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሶብር አድርግ፣ ታገስ፣ አንዳቸው ይሰለቹ ይሆናል አሉኝ። ማንም አልሰለቸም።

ጊዜው ሄደ። ሻይ ተደገመ። ኦቦ ሁሴን ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ ሁሉም እንደሚበተን ቀድሞ ተነግሯል። ከአጠገባቸው ያሉት ሰውዬ በኦሮምኛ የአዳማዎቹን ሰዎች ነገር አነሱባቸው፤ አርቦዬ ስኖር ኦሮምኛ ስለለመድኩ ሰማሁ። ዘሃራ ከቤት ሆና «እንዴት ሆነ?» የሚል መልእክት ልካልኝ ነበር፤ መልእክቱ ግን የደረሰኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ዳታ አልነበረማ።

«ባለሙያው» አሉ ኦቦ ሁሴን ለመነሳት እየተመቻቹ፣ «በቃ ከአጨዳ በኋላ ይሁን። ኔትወርክ የአላህ ነው።»

ተነሳሁ። አቶ ተሾመ ተቀመጥ የሚል ዓይን ሰጡኝ፤ እንዳላየ ሆንኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ አልኩና ተናገርኩ።

«አባቶቼ፣ ኔትወርኩ አይደለም። ዋይፋዩ በእናንተ ስልክ ሞልቷል። ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ፤ የናንተ ልጅ ለመሆን ቸኩዬ ነው። አንዳችሁ ብትወጡልኝ አባቴ ይገባል።»

አባቴ አልኩ። ባለሙያ አባቱን ምን ያመጣዋል? አዳራሹ ውስጥ ኮምባይነሩ ብቻ ይሰማል። ሐጂ ቡሽራ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ወንድማቸው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። አልቋል ብዬ ነበር፤ አጨዳው፣ የአዳማ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ።

«ኤዬ» አሉ በኦሮምኛ፤ አዎ ማለታቸው ነው። «እኔ መዝጋቱን አላውቅበትም። እንካ፣ በኔው ደውልለት።»

ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ኮምባይነሩን አስቁሜ፣ የሰዓዳን ቁጥር መዝግቤ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ። ተነሳ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ተነስተው ከሐጂ ቡሽራ ጀርባ ተሰበሰቡ። ስክሪኑ ላይ ጆሮ መጣ።

ሙሉ ስክሪን ጆሮ ነው። ሌላ ምንም የለም። ፊት የለም፣ ጺም የለም፣ ትራስ የለም። ሰዓዳ ቀኑን ሙሉ አለማምዳው ሽንት ቤት ሄዳ ኖሯል። ከጆሮው ውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ «አሰላሙ አለይኩም፣ ማን ልበል?» ይላል። አባ፣ ከጆሮዎ ያርቁት፣ ፊትዎን ያሳዩ እያልኩ ጮህኩ። «እየሰማሁህ ነው፣ አትጩህ» አለ ጆሮው። እንኳን ሊያርቀው ይልቁንም በደንብ ሊሰማ አስጠጋው፤ ጆሮው ይባስ ገዘፈ። ያ ሁሉ የተለፋው ለፊት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኦቦ ሁሴን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ስንዴ ሲመርጡ እንደዚያ ነው የሚያዩት ይባላል፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው። ትልቅ ጆሮ ነው። ወደ ጎን የቆመ ነው። ከላይ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ባለሙያው» አሉ፤ «እስቲ ወደ ቀኝ ዙር።»

ዞርኩ። የግራ ጆሮዬ ከስልኩ አጠገብ ሆነ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከፎቶ የደበቅኩት ጆሮ በአሰላ ሽማግሌዎች ፊት ቆመ። ሐጂ ቡሽራ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አዩ። ሌሎቹም ተራ በተራ አዩ። አንዱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በጣታቸው ነኩት።

«ይህንን ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው አያመጣውም» አሉ ኦቦ ሁሴን። «አባቱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ የሐጂ ቡሽራና የአባቴ ሆነ። እኔን የሚፈልገኝ የለም። አባቴ ስለ ጉልበቱ አወራ፤ ሐጂ ቡሽራ ስለ ወገባቸው አወሩ። ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ሐጂ ቡሽራ ስለ ኮምባይነሩ ሲተርኩለት አባቴ እኛ አገርስ ማሳው ገደል ነው፣ ማሽን አይቆምበትም አለ። ስለ ልጅ ጋብቻ አንድም ቃል አልተነሳም፤ ማንም ለማንሳት የቸኮለ አይመስልም ነበር። እንዲህ ሆነው ሳለ ከስልኩ ውስጥ፣ ከደሴ፣ የአስር አዛን ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ በመስኮት በኩል የአሰላው ተከተለው። ሁለቱ አባቶች ወሬያቸውን አቁመው አዳመጡ።

አዛኑ ሲያልቅ የአባቴ ድምፅ ዝቅ አለ። «ልጄ እዚያ ሩቅ አገር ብቻውን ነው» አለ። «አንቱ አባት ሁኑልኝ። እኔ መምጣት አልቻልኩም።» ከዚያ ዱኣ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ እጃቸውን ዘርግተው ለጆሮው አሚን አሉ። አቶ ተሾመም ክርስቲያን ቢሆኑም እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ ሰው ነው ያፈርኩት፤ ይህ ነበር የሚያስለቅሰኝ።

«ሰጥተናል» አሉ ሐጂ ቡሽራ ዱላቸውን እየፈለጉ። «ሰላት እንዳያልፈን።»

ለዘሃራ የነገርኳት እኔ አይደለሁም፤ አክስቷ ናት። በኋላ ስንገናኝ ስለ ጆሮዬ ለምን ተናግራ እንደማታውቅ ጠየቅኋት። አፏን ሸፍና ሳቀች። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነበር፣ ሌላውን ቀስ ብዬ ነው የለመድኩት አለችኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ምክር ትፈልጉ ይሆናል። መንገድ ስትወጡ የሆቴል ዋይፋይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሞክራችሁ አትመኑ፤ ይህ የሙያ ምክሬ ነው። ሌላው ግን የሙያ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የደበቅኩት ነገር፣ የማን ልጅ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ብቸኛ ነገር የሆነበት ቀን መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ ስነሳ ጎን አልመርጥም። ተማሪዎቼ አንቴና ሲሉኝም አቤት እላለሁ።

ልጃችን ስትወለድ ሐጂ ቡሽራ ሊጠይቁን መጡ። ስሟን ከመጠየቃቸው በፊት የተጠቀለለችበትን ፎጣ ገለጥ አደረጉና የግራ ጆሮዋን አዩ። ኤዬ ብለው ተቀመጡ።

አባቴ አሁን በደንብ ይሄዳል፤ ስልክ አያያዙ ግን ያው ነው። በየጁምዓው በቪዲዮ ይደውላል፤ ስክሪኑም ሙሉ ጆሮ ይሆናል። ድሮ ያርቁት እያልኩ እጮህበት ነበር። አሁን ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እሱ እያወራ ዝም ብዬ አየዋለሁ።